ባነር በካሬ ይገዛል፣ በወር ይከፈላል

ጥቅምት ላይ ሲሰቀል አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ የነበረው ባነር ሚያዝያ ላይ ሲታይ ሰማያዊ፣ ነጭና የደበዘዘ ሮዝ ሆኖ ይገኛል። የሱቁ ስም በግማሽ ይነበባል፤ ስልክ ቁጥሩ በቀይ ተጽፎ ከነበረ ጭራሽ አይነበብም። አንዱ ጥግ ተቦጭቆ በነፋስ ይርገበገባል። ባለሱቁ በየቀኑ ከሥሩ ስለሚያልፍ ዓይኑ ለምዶታል። የሚያየው ገበያተኛው ነው።

ከመርካቶ እስከ ቦሌ፣ ከሳሪስ እስከ መገናኛ ዞር ዞር ላለ ሰው እንዲህ ያለ ማስታወቂያ ብርቅ አይደለም። ነገሩ የመልክ ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ በገበያ ገጽ ላይ ቦታ ባልተሰጠው ነበር። ነገር ግን አንድ ደላላ ገዢ ይዞ ወደ ጅምር ሕንጻ ሲሄድ ገዢው አስቀድሞ የሚያየው በአጥሩ ላይ የተዘረጋውን ሥዕል ነው። ሥዕሉን ነጥቶና ተቀዳዶ ካገኘው «ባለቤቱ ገንዘብ አልቆበታል፤ ሥራው ቆሟል» ብሎ ለመደምደም ሌላ ማስረጃ አይፈልግም። ሥራው በእርግጥ እየተካሄደ ሊሆን ይችላል። የዋጋ ድርድሩ ግን ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ወደ ታች ይወርዳል። በባነር ላይ የተቆጠበ ጥቂት ሺህ ብር በሚሊዮን በሚቆጠር ሽያጭ ላይ ኪሳራ ሆኖ ይመጣል።

ለመሆኑ ጥፋቱ የማን ነው? ብዙውን ጊዜ ጣት የሚቀሰረው በማተሚያ ቤቱ ላይ ነው። በእርግጥ የሚያጭበረብር ማተሚያ ቤት የለም አይባልም። ይሁን እንጂ አብዛኛው ማተሚያ ቤት የሸጠው የተጠየቀውን ነው። የተጠየቀው ደግሞ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «በካሬ ስንት ነው?»

ስሌቱ የተሳሳተው ከመነሻው ነው

ለምሳሌ ያህል ቁመቱ 3 ሜትር፣ ወርዱ 8 ሜትር የሆነ ባነር ይወሰድ። ስፋቱ 24 ካሬ ሜትር ነው። አንዱ ማተሚያ ቤት በካሬ 100 ብር፣ ሌላው 150 ብር ጠየቀ ይባል። ቁጥሮቹ ለስሌት እንዲያመቹ የተወሰዱ እንጂ የዕለቱ የገበያ ዋጋ አይደሉም። ለሰቃዩ ደግሞ በእያንዳንዱ ጊዜ 1,000 ብር ይከፈል። ርካሹ 4 ወር፣ ውዱ 12 ወር ቢያገለግል ርካሹ በዓመት ውስጥ 3 ጊዜ መታተምና 3 ጊዜ መሰቀል ይኖርበታል። ድምሩ 10,200 ብር ይመጣል። ውዱ አንድ ጊዜ ታትሞ አንድ ጊዜ ሲሰቀል 4,600 ብር ይፈጃል። ለወር ሲካፈል ርካሹ 850 ብር፣ ውዱ 383 ብር ገደማ ነው። ርካሽ የተባለው ከውዱ ከእጥፍ በላይ አስከፍሏል ማለት ነው።

ነጋዴ የጭነት መኪና ጎማ ሲገዛ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚሄድ ይጠይቃል። ባትሪ ሲገዛ ዋስትና ይጠይቃል። ባነር ሲገዛ ግን ዕድሜውን አይጠይቅም። ካሬ የሚለካው ጨርቁን ነው። የሚፈለገው ግን ጨርቁ ሳይሆን ማስታወቂያው ተነባቢ ሆኖ የሚቆይበት ጊዜ ነው። የተገዛው ጊዜ ከሆነ ዋጋውም በወር መሰላት ይኖርበታል።

በአገር ደረጃም ቢታይ ነገሩ ቀላል አይደለም። ጨርቁም፣ ቀለሙም፣ የማሽኑ መለዋወጫም በውጭ ምንዛሪ የሚመጡ ናቸው። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ ከዚያ በፊት 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። የዕቃው ዋጋ ሲወጣ ደንበኛው በቀድሞው የካሬ ዋጋ ላይ ሙጭጭ ካለ፣ ማተሚያ ቤቱ ዋጋ ሳይጨምር ለማደር የሚቀረው መንገድ ጨርቁን ማሳሳትና ቀለሙን ማርከስ ነው። ደንበኛው በጨረታው አሸነፍኩ ብሎ ይሄዳል። ዕዳውን የሚያየው ከክረምት በኋላ ነው።

አዲስ አበባ ቀዝቃዛ ናት፤ ፀሐይዋ ግን አይደለችም

ብዙ ሰው ባነር የሚነጣው በሙቀት ስለሚመስለው ድሬዳዋ ወይም ጅቡቲ ላይ ቢሆን ነው እንጂ አዲስ አበባ ላይ ችግር የለም ብሎ ያስባል። ይህ ስህተት ነው። ቀለምን በዋነኛነት የሚገድለው ሙቀት ሳይሆን አልትራቫዮሌት የሚባለው የፀሐይ ጨረር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚያስረዳው ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ይህ ጨረር በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ከ2,300 ሜትር በላይ የምትገኘው አዲስ አበባ እንግዲህ በጠራ ሰማይ ከባሕር ጠረፍ ከተማ ከአንድ አምስተኛ በላይ የበለጠ ጨረር ታገኛለች። ለምድር ወገብ ቅርብ በመሆኗም ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሚያዝያ መግቢያና በነሐሴ መጨረሻ ገደማ፣ በቀትር ከአናቷ ላይ ትቆማለች።

የታወቁ የቀለም አምራቾች ለውጭ ማስታወቂያ የሚሆን ሶልቬንት ቀለም እስከ 3 ዓመት ይቆያል የሚል ግምት ይሰጣሉ። ይህን ቁጥር እንደ ዋስትና የሚያወራ ሻጭ ሲገኝ ግን ከግርጌው የተጻፈውን ማስታወስ ያስፈልጋል። ግምቱ የተሰጠው በመካከለኛ አየር ጠባይ፣ ቀጥ ብሎ ለቆመ ማስታወቂያ፣ በራሱ በአምራቹ ቀለም ሲታተም ነው። ጋደል ብሎ ሰማይ ሰማይ የሚያይ ባነር ዕድሜው ያጥራል። የማሽኑ ጠርሙስ ስሙ ባልታወቀ ቀለም ተሞልቶ ከሆነ ደግሞ 3 ዓመት የሚለው ነገር ከነጭራሹ አይነሳም።

የግድግዳው አቅጣጫም ለውጥ አለው። ከመስከረም እስከ የካቲት፣ ሰማዩ ጥርት በሚልበት ወራት፣ ፀሐይ በደቡብ በኩል ስለምትሄድ ወደ ደቡብ የዞረ ማስታወቂያ ቀኑን ሙሉ ይመታል። ወደ ምሥራቅና ወደ ምዕራብ የዞረውም ዓመቱን ሙሉ የጠዋት ወይም የከሰዓት ፀሐይ አያመልጠውም። ወደ ሰሜን የዞረው ግን ቀጥተኛ ፀሐይ የሚያገኘው በአብዛኛው በዝናቡና በደመናው ወራት ስለሆነ ዕድሜው ይረዝማል። ስለዚህ አንድ ዓይነት ሁለት ባነር በአንድ ቀን ታትሞ አንዱ ቶሎ ሲነጣ ሌላው ደህና ቢቆይ የግድ ማጭበርበር አለ ማለት አይደለም።

ቀለሞችም እኩል አይሞቱም። በባነር ላይ የሚታየው ቀለም ሁሉ ከአራት መሠረታዊ ቀለሞች የሚቀየጥ ነው። ከእነዚህ ቶሎ የሚጠፉት ቢጫውና ማጄንታ የሚባለው ቀይ ወይን ጠጅ ናቸው። ጥቁሩና ሳያን የሚባለው ሰማያዊ ይበረታሉ። ቀይ የሚሠራው ከቢጫና ከማጄንታ በመሆኑ ሁለቱም ደካሞች ናቸው። አረንጓዴ ደግሞ ከሰማያዊና ከቢጫ ስለሚቀየጥ ቢጫው ሲጠፋ ሰማያዊው ብቻውን ይቀራል። በምግብ ቤት ባነር ላይ ያለው የሥጋ ሥዕል ወደ ሰማያዊ የሚያደላውም በዚሁ ምክንያት ነው። ከዚህ አኳያ ስልክ ቁጥርና አድራሻ በጥቁር ቢጻፍ፣ ቀዩ ለማሳመሪያ ቢቀር፣ ማስታወቂያው ቢደበዝዝ እንኳ ሥራውን ይሠራል። ይህ ምክር አንድ ሳንቲም አያስወጣም።

ግራም ብቻውን አይመዘንም

ጥቂት ነቃ ያሉ ደንበኞች «ስንት ግራም ነው?» ብለው ይጠይቃሉ። ደግ ጥያቄ ነው። በገበያ ላይ በካሬ ሜትር ከ300 ግራም በታች ከሆነው ስስ ፍሌክስ አንስቶ 440 እና 510 ግራም ድረስ፣ ከዚያም በላይ ይገኛል። ሆኖም ክብደት ሊያታልል ይችላል። ባነር በሁለት የፕላስቲክ ገጽ መካከል የፖሊስተር ክር መረብ ያለበት ዕቃ ነው። እንዳይቀደድ የሚያደርገው ክሩ ነው። በፕላስቲኩ ውስጥ የኖራ ድንጋይ ዱቄት በብዛት የተጨመረበት ባነር በሚዛን ይከብዳል፤ በነፋስ ግን ይቀደዳል።

የዚህ መፈተኛ ቀላል ነው። ከጥቅሉ ላይ ቁራጭ አስቆርጦ በእጅ መቅደድ፣ ክሩ ምን ያህል እንደወፈረና እንደተጠጋጋ ማየት፣ ከዚያም በጥፍር ጥጉን ይዞ ሁለቱን ገጽ ለማላቀቅ መሞከር ነው። በቀላሉ ከተላቀቀ ገጾቹ ተለጥፈው ብቻ የተሠራ ነው። የክረምት ውኃ በተቆረጠው ጠርዝ ገብቶ በክሩ ላይ እየተሳበ ውስጡን ያሻግተዋል። ከዳር ጀምሮ ወደ ውስጥ የሚሄደው ጥቁር ነጠብጣብ መነሻው ይኸው ነው። ዳሩ ተጣጥፎ በሙቀት ወይም በማጣበቂያ የታሸገ ባነር ከዚህ ይተርፋል።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል

ጥሩ ጨርቅና ጥሩ ቀለም ተገዝቶ ሁሉም ነገር የሚበላሸው ብዙ ጊዜ በሰቀላው ላይ ነው። ማተሚያ ቤቱ «ሥራዬ ማተም ነው» ይላል። ሰቃዩ የቀን ሠራተኛ ነው፤ መሰላልና ሽቦ ይዞ ይመጣል። የነፋስን ጉልበት የሚያሰላ ማንም የለም።

ያው 24 ካሬ ሜትር ባነር በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ ፊት ለፊት ሲመታው ወደ 115 ኪሎ የሚጠጋ ግፊት ያርፍበታል። ይህ የአዲስ አበባን ስስ አየር ከግምት አስገብቶ ነው። የነፋሱ ፍጥነት እጥፍ ሆኖ 72 ሲደርስ ግፊቱ እጥፍ አይሆንም፤ አራት እጥፍ ሆኖ ወደ 460 ኪሎ ይደርሳል። አራት ኩንታል ተኩል ጤፍ በላዩ ላይ እንደተጫነ ማለት ነው። ባነሩ በ8 ቦታ ብቻ ታስሮ ከሆነ እያንዳንዱ ማሰሪያ ቢያንስ 57 ኪሎ ይሸከማል። በዙሪያው በየ50 ሳንቲ ሜትሩ የብረት ቀለበት ተመትቶለት በ44 ቦታ ከታሰረ ግን የእያንዳንዱ ድርሻ 10 ኪሎ ገደማ ነው። ሁለቱን የሚለያቸው ጥቂት ቀለበትና የአንድ ሰዓት ሥራ ነው።

ነፋስ እንዲያሳልፍ ተብሎ ባነርን በምላጭ በግማሽ ጨረቃ ቅርጽ መብሳት የተለመደ ነው። ይህ ልማድ ቢቀር ይሻላል። የሚቀንሰው ግፊት ጥቂት ሲሆን የእያንዳንዱ ቅድ ጫፍ ግን አዲስ መቀደጃ ይሆናል። ነፋስ ለሚበዛበት ቦታ፣ ለፎቅ ራስና ለግንባታ አጥር፣ ወንፊት መሰሉ ሜሽ ባነር የተሠራው ለዚሁ ነው። ጠንካራ የቱቦላሬ ፍሬም ላይ ተወጥሮ የተያዘ ባነርም ከላላው የበለጠ ይቆያል። ባነርን የሚጨርሰው መርገብገቡ ነው፤ ሲታጠፍና ሲዘረጋ ቀለሙ ይሰነጠቃል፣ ክሩም ይበጠሳል። አዲስ ባነር በፀሐይ ስለሚላላ ከተሰቀለ ከጥቂት ቀናት በኋላ ተመልሶ መወጠር አለበት። ቀለበቱን በቀጭን ሽቦ ከማሰር ገመድ መጠቀም ይመረጣል፤ ሽቦ ይቆርጣል፣ ይዝጋል፣ የዝገቱም ውኃ ባነሩ ላይ ይወርዳል።

«ለነገ ጠዋት ይድረስልኝ»

ከደንበኛው ጥፋቶች ሁሉ የሚብሰው ጥድፊያው ነው። የሶልቬንት ቀለም ሲታተም የደረቀ ይመስላል፤ ነገር ግን በውስጡ ያለው ኬሚካል ተንኖ እስኪያልቅ ጊዜ ይፈልጋል። ላሚኔሽን የሚደረግለት ስቲከር ቢያንስ 24 ሰዓት ተዘርግቶ መቆየት አለበት። ሳይደርቅ ከታሸገ ማጣበቂያው ይላላል፣ ጠርዙም ይነሳል። ባነርም ትኩስ እንዳለ ተጠቅልሎ ከሄደ እርስ በርሱ ይጣበቃል። ደንበኛው ማታ 12 ሰዓት አዝዞ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ሲቆጣ የሚቆርጠው ከራሱ ማስታወቂያ ዕድሜ ላይ ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የተባለው እዚህ ላይ ይሠራል።

ከተሰቀለ በኋላም አያያዝ አለ። የሲሚንቶና የመንገድ አቧራን በደረቅ ጨርቅ መፈግፈግ ቀለሙን እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይሞርደዋል። ለስላሳ ጨርቅ፣ ውኃና ቀለል ያለ ሳሙና ይበቃል። ቤንዚን ወይም ቲነር የነካው ሶልቬንት ህትመት ቆሻሻውን ብቻ ሳይሆን ፊደሉንም ይዞ ይወርዳል። ለሚቀጥለው ዓመት ባዛር የሚቀመጥ ባነር ታጥፎ ከመደርደሪያ ሥር መወተፍ የለበትም። በደንብ ደርቆ፣ የታተመው ገጽ ወደ ውጭ ሆኖ፣ በወፍራም ቱቦ ላይ መጠቅለል አለበት።

ሁሉም ባነር ዓመት ይቆይ?

እዚህ ላይ ማተሚያ ቤቶቹ የሚያነሱት መከራከሪያ አለ። «የምረቃ ባነር ለአንድ ቀን ነው፤ የበዓል ቅናሽ ለሁለት ሳምንት ነው፤ ለምን ወፍራም ዕቃ እናባክን?» ይላሉ። ትክክል ናቸው። ለአንድ ቀን ሥራ ስሱና ርካሹ ይበቃል፤ ከዚያ በላይ መክፈል ሌላው ብክነት ነው። ችግሩ የአንድ ቀኑም ባነር፣ የሁለት ዓመት የግንባታ አጥር ባነርም በአንድ የካሬ ዋጋ፣ ከአንድ ጥቅል መታተማቸው ነው።

ሁለተኛው መከራከሪያቸው «የት እንደሚሰቀልና ማን እንደሚሰቅለው ሳናውቅ እንዴት ዋስትና እንሰጣለን?» የሚል ነው። ይህም ውኃ ያነሳል። መልሱ ግን ዋስትናን መተው ሳይሆን መከፋፈል ነው። ቀለሙና ጨርቁ በማተሚያ ቤቱ፣ ውጥረቱና ማሰሪያው በሰቃዩ፣ ጽዳቱ በባለቤቱ ላይ ይሁን። አቅጣጫውና ቦታው አስቀድሞ ከተነገረው ዋጋውን በዚያው ልክ የማይተምን ማተሚያ ቤት አይኖርም።

ስለዚህ በፕሮፎርማ ላይ ከካሬ ዋጋው ጎን አምስት ነገሮች ሊጻፉ ይገባል፤ የጨርቁ ዓይነትና ግራም፣ የቀለሙ ዓይነትና አምራች፣ የቀለበቶቹ ርቀትና የዳሩ አሠራር፣ የሚሰቀልበት ቦታና አቅጣጫ፣ በመጨረሻም ቀለሙም ጨርቁም ለስንት ወር እንደሚቆይ። በተለይ በጨረታ የሚገዙ ባንኮች፣ ቤት ገንቢዎችና መሥሪያ ቤቶች «ባነር፣ 3 በ8፣ ብዛት 20» ብለው ብቻ ጽፈው ዝቅተኛ ዋጋ ላቀረበው መስጠታቸውን ካልተዉ፣ ጥሩ ዕቃ የሚጠቀመው ማተሚያ ቤት ሁልጊዜ ተሸናፊ ይሆናል። እንዲህ ያለ ገበያ ሐቀኛውን ከጨዋታ ያስወጣል።

በወረቀት ላይ የተጻፈውን ማረጋገጥ ለሚፈልግ ደግሞ ላቦራቶሪ አያስፈልግም። ከሦስት ማተሚያ ቤቶች አንድ ዓይነት ቀለማት ያሉበት ቁራጭ ማሳተም፣ የእያንዳንዱን ግማሽ በአሉሚኒየም ወረቀት መሸፈን፣ ከዚያም ጥቅምት ላይ በጣራ ላይ ወደ ደቡብ አዙሮ መቸንከር ነው። ጥር ላይ ሽፋኑ ሲነሳ በተሸፈነውና ባልተሸፈነው መካከል ያለው ልዩነት ከማንኛውም ሻጭ ምላስ የበለጠ ይናገራል። በየዓመቱ በመቶ የሚቆጠር ካሬ የሚያሳትም ድርጅት ይህን አለማድረጉ ያስገርማል።

በአዲስ አበባ ያረጀ ባነር የሚያርፍበት ቦታ ይታወቃል። የጉልት ሻጯ ሽንኩርቷን ከዝናብ የምታስጥልበት ሸራ ይሆናል። እሷ ዳሩን አጥፋ፣ በገመድ ወጥራ፣ በብዙ ቦታ አስራ ታቆመዋለች፤ ባለቤቱ ዘንድ ግማሽ ዓመት ያልሞላው ጨርቅ እሷ ዘንድ ክረምቱን ይወጣል። ፊደሉ ግን ቀድሞ ጠፍቷል። የከፈለው ነጋዴ ማን እንደነበረ ከሥሩ ቆሞ ሽንኩርት የሚገዛ ሰው አያነበውም።